ብሌድ ረነር፦ ከአምስቱ እትሞች የትኛውን ልይ?

ብሌድ ረነር በሚባለው የ1982 ፊልም ስም የሚሸጡ፣ በኢንተርኔት የሚከፈቱና ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚገለበጡ አምስት እትሞች አሉ። አዘጋጁ ያው ሪድሊ ስኮት፣ ዋናው ተዋናይ ያው ሃሪሰን ፎርድ፣ ፖስተሩም ብዙውን ጊዜ ያው ነው። አራቱ በርዝመት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይለያዩም። ስለዚህ ፊልም የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ «ዴከርድ ሰው ነው»፣ ሌላው «የለም፣ እሱም የተሠራ ነው» ካሉ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛውን አያችሁ?» ነው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ አንዱን ብቻ የሚያዩ ከሆነ የ2007ቱን ፋይናል ከት ይዩ። ከዚህ በታች ያለው ምክንያቱ፣ ሌላውን መምረጥ የሚሻልበት ጊዜ፣ እንዲሁም በእጅዎ ያለው ቅጂ የትኛው እንደሆነ የሚለዩበት መንገድ ነው። መጨረሻውን ሳይናገሩ እትሞቹን ማነጻጸር ስለማይቻል፣ ፊልሙን ገና ያላየ ሰው «ሲገዙ» ከሚለው ክፍል ይጀምርና ሌላውን ፊልሙን አይቶ ይመለስበት። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የቆመበት ነጥብ

ፊልሙ የተነሣው ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1968 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የኑክሌር ጦርነት ምድርን በመርዛማ አቧራ ሸፍኗታል፣ አብዛኞቹ እንስሳት አልቀዋል፣ የቻለ ሁሉ ወደ ሌላ ፕላኔት ተሰዷል። ፊልሙ ጦርነቱን አያነሣም። ውጤቱን ብቻ ያሳያል፦ ኅዳር 2019፣ ሎስ አንጀለስ፣ የማያባራ ዝናብ፣ ሰው ሠራሽ ጉጉት፣ በሰማይ ላይ እየዞረ «ከዚህ ውጡና አዲስ ሕይወት ጀምሩ» የሚል ማስታወቂያ። ከተማው ውስጥ የቀረው መሄድ ያልቻለው ነው።

ሬፕሊካንት የሚባሉት በፋብሪካ የተሠሩ፣ በዓይን ከሰው የማይለዩ ፍጡራን ናቸው። የተሰጣቸው ዕድሜ 4 ዓመት ነው። ዴከርድ ሸሽተው ወደ ምድር የገቡትን እያደነ የሚገድል ሰው ነው። ሬቸል ደግሞ ሬፕሊካንት መሆኗን የማታውቅ ሬፕሊካንት ናት፤ የልጅነት ትዝታዋ የሠራት የታይረል የሥጋ ዘመድ ከሆነች ሴት ተቀድቶ የገባላት ነው።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንይ፤ የእትሞቹ ልዩነት ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ሬቸል ዴከርድ ቤት ትመጣለች። ከእናቷ ጋር የተነሣችውን ፎቶ ይዛለች፤ ሰው መሆኗን በሱ ልታስረዳ ነው። ዴከርድ ፎቶውን ትቶ ትዝታዋን ይነግራታል፦ በመስኮቷ አጠገብ ክረምቱን ሙሉ ድር ያደራች ሸረሪት፣ ከዚያ አንድ እንቁላል፣ ከዚያ የተፈለፈሉት እናታቸውን ሲበሏት። ለማንም ያልነገረችው ነገር ነው። እሱ ግን ያውቀዋል። የፊልሙ ሕግ የሚቆመው በዚህች ደቂቃ ነው፦ ለማንም ያልነገሩትን ትዝታ ሌላ ሰው ካወቀው፣ ትዝታው የእርስዎ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ትዕይንት በሁሉም እትም አለ። ሕጉ በዴከርድ ላይም ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ግን በየእትሙ ይለያያል።

በምን እንመዝናቸው

ዋናው መመዘኛ ዴከርድ ማነው የሚለው ነው። የሚወሰነውም በሁለት ነገር ነው፤ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ በሕልሙ ያያል ወይስ አያይም፣ ፊልሙስ የት ላይ ያበቃል። ሁለተኛው መመዘኛ ተራኪ ድምፅ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ፊልሙን የመከታተል ቅለትም ስሜቱም በዚህ ይለወጣል። ሦስተኛው የምስሉ ጥራትና የቀረጻ ስሕተቶች መታረም አለመታረማቸው ነው። የጭካኔው መጠን በአራተኛ ደረጃ ይመጣል፤ ልዩነቱ የሰከንዶች ስለሆነ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ያካብደዋል። የማግኘት ቅለትና ዋጋ በመጨረሻ ይታያሉ።

የ1982ቱ የአሜሪካ ሲኒማ እትም (117 ደቂቃ)

በመጋቢት 1982 ፊልሙ በዴንቨርና በዳላስ ለሙከራ ታየ። ተመልካቹ ግራ ተጋባ፣ ጨለማነቱም ከበደው። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተጨመረ። አንደኛው የዴከርድ ትረካ ነው፤ ሃሪሰን ፎርድ ስቱዲዮ ገብቶ ቀረጸው፣ እንዳልወደደውም በኋላ በግልጽ ተናግሯል። ሁለተኛው ደስ የሚያሰኝ መጨረሻ ነው፤ ዴከርድና ሬቸል በመኪና በአረንጓዴ ተራሮች መካከል ይሄዳሉ፣ ተራኪውም ሬቸል የ4 ዓመት ገደብ እንደሌለባት ይነግረናል። የተራራዎቹ ምስል የስታንሊ ኩብሪክ ሻይኒንግ ሲሠራ ከአየር ተቀርጾ ከተረፈ ፊልም የተወሰደ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብና ጭስ ያየ ዓይን በድንገት ፀሐይና ጫካ ውስጥ ሲገባ ስፌቱ ይታየዋል።

እዚህ የባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ሕልም የለም። መጨረሻ አካባቢ ዴከርድ ከቤቱ ሲወጣ ወለሉ ላይ ከብርማ ወረቀት የታጠፈች ትንሽ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ያገኛል። የሥራ ባልደረባው ጋፍ የተወላት ናት፤ ጋፍ በየሄደበት ወረቀት አጥፎ ቅርጽ የማውጣት ልማድ አለው። ሕልሙ በሌለበት ወረቀቷ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጋፍ እዚህ መጥቶ ነበር፣ ሬቸልንም አይቶ በሕይወት ትቷታል። ዴከርድ ሰው ነው፤ ፊልሙም የፖሊስ ታሪክ ነው።

ትረካው ብዙ ተሰድቧል፤ ስድቡ በአብዛኛው ይገባዋል። ትልቁ ጥፋቱ የሸሹት ሬፕሊካንቶች መሪ የሮይ ባቲ ሞት ላይ ነው። ሮይን የሚተውነው ሩትገር ሃወር ራሱ አሳጥሮና ቃል ጨምሮ የተናገረው የስንብት ንግግር ያበቃል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ዝም ማለት ያለበት ቦታ ላይ ተራኪው መጥቶ የሆነውን ያስረዳናል። ቢሆንም አንድ ጥቅም አለው። ጋፍ የሚናገረው ከሀንጋሪኛ፣ ከጃፓንኛ፣ ከጀርመንኛና ከሌሎች የተቀላቀለ የመንገድ ቋንቋ ነው፤ ይህ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው ትረካው ብቻ ነው። እንግሊዝኛን ያለ ሳብታይትል የሚከታተል፣ ወይም በአማርኛ ተራኪ ትርጉም ፊልም ማየት የለመደ ተመልካች በዚህ እትም ያነሰ ይጠፋበታል።

ዓለም አቀፉ እትም (117 ደቂቃ)

ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ለሚታየው ጥቂት ሰከንድ ጭካኔ ተጨመረበት። ሮይ የታይረልን ዓይን ሲጫን ደሙ ይታያል፣ ዴከርድ ከሌላዋ ሬፕሊካንት ከፕሪስ ጋር የሚያደርገው ትግል ይረዝማል፣ ሮይ እጁ ላይ የሚሰካው ሚስማርም እንዲሁ። ትረካውም ደስተኛው መጨረሻም እንዳሉ ናቸው። ይህን ለብቻው ፈልጎ መግዛት አያስፈልግም።

ወርክፕሪንት (113 ደቂቃ)

ለሙከራ ከታየው ያልተጠናቀቀ ቅጂ የመጣ ነው። መግቢያው ላይ በሚወጣው ጽሑፍ ፈንታ ሬፕሊካንት የሚለውን ቃል የሚፈታ፣ ከወደፊት መዝገበ ቃላት የተቀዳ የሚመስል ፍቺ አለው። ትረካው አንድ ቦታ ብቻ፣ ሮይ ሲሞት፣ ይሰማል። ሕልሙም ደስተኛው መጨረሻም የሉም። መጨረሻው አካባቢ የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ የቫንጌሊስ ሥራ ገና አልገባም፤ በጊዜያዊነት የተለጠፈ ሌላ ሙዚቃ ነው የሚሰማው። ምስሉ ሻካራ ነው። ኤዲቲንግ ለሚማር ሰው ወርቅ ነው፤ ለሌላው ትርፉ ድካም ነው።

ዳይሬክተርስ ከት 1992 (116 ደቂቃ)

ገዢን በብዛት የሚያታልለው ይህኛው ነው፤ ጥፋቱም የስሙ ነው። በ1990 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ቲያትር የድሮ ቅጂ ብሎ ያሳየው ያ ወርክፕሪንት ሆኖ ተገኘ። ሰዉ ወደደው፤ ስቱዲዮውም አዲስ እትም ለማውጣት ተነሣ። ስኮት ማስታወሻ ሰጠ እንጂ ኤዲቲንጉን ራሱ ተቀምጦ አልሠራውም፤ ሥራውም በጥድፊያ ነበር። ስሙ «የዳይሬክተሩ» ይበል እንጂ የዳይሬክተሩ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ሦስት ነገር ተለወጠ፦ ትረካው ወጣ፣ ደስተኛው መጨረሻ ተቆረጠ፣ ሕልሙ ገባ። ዴከርድ ፒያኖው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ነጭ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ በጫካ መሃል ሲጋልብ ይታያል። (ፍጡሩ እንግዳ ለሚሆንበት አንባቢ፦ ዳዊት የሚደግም ሰው «አንድ ቀንድ እንዳለው» ከሚለው ቃል ያውቀዋል።) ቀረጻው ስኮት በኋላ ከሠራው ሌላ ፊልም የተወሰደ ነው የሚል ወሬ ለዓመታት ተናፍሷል፤ ትክክል አይደለም፣ ለዚሁ ፊልም የተቀረጸ ነው።

አሁን የብርማ ወረቀቷ ሌላ ነገር ሆነች። ዴከርድ ሕልሙን ለማንም አልነገረም። ጋፍ ግን ያውቀዋል፤ አጥፎ በሩ ላይ አስቀምጦለታል። የሸረሪቷ ሕግ በዴከርድ ላይ ተመለሰበት ማለት ነው። ወረቀቷን አንሥቶ ያያል፣ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ የአሳንሰሩ በር ይዘጋል፣ ፊልሙ ያልቃል። የገቡት የፈረስ ሰከንዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሁለት ሰዓት ታሪክ ግን ተገለበጠ።

የቀሩበት ጉድለቶች፦ የዓለም አቀፉ እትም ጭካኔ አልገባም፣ የድሮዎቹ ስሕተቶችም አልታረሙም። አለቃው ብራያንት ስድስት ሬፕሊካንቶች አመለጡ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ ተቃጠለ ይላል፤ የሚታደኑት ግን አራት ናቸው። አንዱ የት ገባ? ተመልካች ለዓመታት «አምስተኛው ዴከርድ ነው» እያለ ተፈላስፎበታል። መነሻው ግን ያልታረመ ስሕተት ነበር።

ፋይናል ከት 2007 (117 ደቂቃ)

ስኮት ሙሉ ሥልጣን ኖሮት ያጠናቀቀው ይህ ብቻ ነው። ኔጋቲቩ በ4ኬ፣ በ65 ሚሊሜትር የተቀረጹት የልዩ ውጤት ትዕይንቶች ደግሞ በ8ኬ እንደገና ስካን ተደርገዋል። ሕልሙ ረዝሟል፤ በመሃል ወደ ዴከርድ ፊት ይመለሳል፣ ዓይኑም ክፍት ነው፣ ስለዚህ ሕልም ከማለት ትዝታ ማለት ይቀላል። ጭካኔው ተመልሷል። ሮይ ለታይረል ሲናገር ስድብ የነበረችው ቃል «አባት» በምትለው ተተክታለች፤ ትንሽ ለውጥ ናት፣ ግን የትዕይንቱ ክብደት ሁሉ ወደ ልጅና አባት ዞሯል።

እርማቶቹ ብዙ ናቸው፤ ዓይን ውስጥ የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ብራያንት አሁን «ሁለት ተቃጠሉ» ይላል፣ ሂሳቡም ይገጥማል። የሚበሩትን መኪኖች ያንጠለጠሉት ሽቦዎች ጠፍተዋል። ከሚታደኑት አንዷ ዞራ መስታወት ሰብራ ስትሮጥ ዊግ ያደረገች ሌላ ሴት መሆኗ ያስታውቅ ነበር፤ የተዋናይቷ የጆአና ካሲዲ ፊት በኮምፒዩተር ተተክቷል። ዴከርድ ከእባብ ሻጩ ጋር ሲነጋገር አፉና ድምፁ አይገጥሙም ነበር፤ የሃሪሰን ፎርድ ልጅ የቤን ፎርድ አፍ ተቀርጾ ገብቷል። ሮይ ሲሞት የለቀቃት ርግብ በድቅድቅ ዝናባማ ሌሊት ወደ ሰማያዊ ሰማይ ትበር ነበር፤ አሁን ወደዚያው ጨለማ ትበራለች።

አንድ ቅሬታ አለ፤ ተገቢም ነው። ቀለሙ ከድሮው ይልቅ ወደ አረንጓዴ-ሰማያዊ አዘንብሏል። የ1982ቱን ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን የሚወድ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ያየዋል።

ስኮት ዴከርድ ሬፕሊካንት ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል፤ ፎርድ ደግሞ ሰው መሆን አለበት ብሎ ተከራክሯል። ፋይናል ከት ወደ ስኮት ያዘነብላል እንጂ በቃል አይናገርም። የዚህ እትም ብልጫ በእኔ ግምት ከተጸዳው ሽቦ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

| እትም | ርዝመት | ትረካ | ሕልም | መጨረሻ | ምስል | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሲኒማ 1982 | 117 ደቂቃ | አለ | የለም | ተራራና ፀሐይ | ያልታረመ | የፖሊስ ታሪክ ለሚወድ |
| ዓለም አቀፍ 1982 | 117 ደቂቃ | አለ | የለም | ተራራና ፀሐይ | ያልታረመ | ለሰብሳቢ |
| ወርክፕሪንት 1982 | 113 ደቂቃ | አንድ ቦታ ብቻ | የለም | አሳንሰር | ሻካራ | ለፊልም ተማሪ |
| ዳይሬክተርስ ከት 1992 | 116 ደቂቃ | የለም | አጭር | አሳንሰር | ያልታረመ | በእጁ ላለው |
| ፋይናል ከት 2007 | 117 ደቂቃ | የለም | ረዥም | አሳንሰር | የታረመ | ለአብዛኛው ሰው |

ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ተለሳልሶ የተሠራ ሌላ እትምም ነበር። በገበያ ስለማይገኝ ከቁጥር አልገባም።

በእጅዎ ያለው የትኛው ነው?

በፋይሉ ስም ላይ የተጻፈውን ዓመት አይመኑ፤ ፊልሙ የ1982 ስለሆነ በሁሉም እትም ላይ 1982 ይጻፋል። በርዝመትም አይለዩ፤ ምክንያቱ ወደ ታች አለ። ትዕይንት መፈተሽ ይሻላል፤ ሁሉም ተደምሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ፣ ዴከርድ ዝናብ ውስጥ ጋዜጣ ይዞ ምግብ ቤቱ ወረፋ የሚጠብቅበትን ይክፈቱ። ድምፁ ከጀርባ ከተረከ ከ1982ቱ ሁለት እትሞች አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ወደ ታይረል መሞቻ ይሂዱ፤ ከዓይኑ ደም ከፈሰሰ ዓለም አቀፉ ነው፣ ካልፈሰሰ የአሜሪካው።

ትረካ ከሌለ ወደ ብራያንት ቢሮ ይለፉ፤ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ነው። «አንድ ተቃጠለ» ካለ ፋይናል ከት አይደለም። «ሁለት» ካለ፣ መግቢያው ላይም የመዝገበ ቃላት ፍቺ ከሌለ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ አግኝተዋል።

ካልሆነ 40ኛው ደቂቃ አካባቢ ፒያኖውን ይፈልጉ። ፈረሱ ካለ ዳይሬክተርስ ከት ነው። ፈረሱ ከሌለ፣ መግቢያው ላይም የመዝገበ ቃላት ፍቺ ከነበረ፣ ወርክፕሪንት ነው። ድምፁ ለማይሰማበት ቅጂ ርግቧን ይዩ፤ የጨለማ ሰማይ ያለው ፋይናል ከት ብቻ ነው።

ሲገዙ

ፋይናል ከት በዲቪዲ፣ በብሉሬይና ከ2017 ወዲህ በ4ኬ ዲስክ አለ። አምስቱንም አንድ ላይ የሚፈልግ በ2007 የወጣውን ባለ አምስት ዲስክ ስብስብ ወይም በ2012 ለ30ኛ ዓመቱ የወጣውን የብሉሬይ ስብስብ ይፈልግ። በ1997 የወጣው ዲቪዲ ዳይሬክተርስ ከት ብቻ ነው፤ በሁለተኛ እጅ ገበያ በርካሽ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ዲስክ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የክልል ኮዱን ይይ። የዲቪዲ ኮድ ለአሜሪካ 1፣ ለአውሮፓ፣ ለእስራኤልና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ለኢትዮጵያ 5 ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ የመጣ ኮድ ያለው ዲቪዲ አዲስ አበባ ላይ ኮድ በሚጠይቅ ማጫወቻ አይከፈትም። ብሉሬይ ይሻላል፤ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ በአንድ ክልል፣ በ«ቢ»፣ ናቸው፣ አሜሪካ ግን «ኤ» ነው። የ4ኬ ዲስክ የክልል ገደብ የለውም። ብዙ ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻ ኮድ አይመለከትም፣ አንዳንድ ዲስክም ያለ ገደብ ይወጣል፤ ዘመድ ከማስቸገርዎ በፊት የዲስኩን ጀርባና የማጫወቻዎን መመሪያ ይመልከቱ።

በኢንተርኔት ለሚያይ ሂሳቡ ይህ ነው፦ 117 ደቂቃ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት 4.4 ጊጋባይት ያህል ይበላል፣ በ2 ሜጋቢት 1.8 ጊጋባይት ገደማ። በሞባይል ዳታ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል፤ ግን ይህ ፊልም ጨለማ ነው፣ ዳታ ሲቆጠብ መጀመሪያ የሚበላሸው ጥቁሩ ነው፤ ጭሱና ዝናቡ ወደ ተንቀሳቃሽ አራት ማዕዘን ይለወጣሉ። ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ማየት ይመረጣል።

ሲያዩ የሚበላሹ ነገሮች

ሳብታይትሉ አይገጥምም የሚለው ችግር ሦስት የተለያየ ምክንያት አለው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። በ5ኛውና በ100ኛው ደቂቃ አካባቢ አንዳንድ ንግግር ይምረጡና ስንት ሰከንድ እንደሚዘገይ ይለኩ። ሁለቱም ቦታ እኩል ከሆነ ማንሸራተት ይበቃል፤ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም የ«ጂ» እና የ«ኤች» ቁልፎች ይህንኑ ይሠራሉ። በ5ኛው 12 ሰከንድ፣ በ100ኛው ደግሞ 4 ደቂቃ ከሆነ ችግሩ የፍጥነት ነው። ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የተሠራ ዲቪዲ በሴኮንድ 25 ምስል ያጫውታል፣ ሲኒማው 24 ነው፤ 117 ደቂቃው ወደ 112 ያጥራል። (በርዝመት አይለዩ ያልነው ለዚህ ነው።) ማንሸራተት አይፈታውም፤ በሳብታይትል ማስተካከያ ፕሮግራም ጊዜውን በ0.96 ማባዛት፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ በ1.04 ገደማ፣ ያስፈልጋል። ማንም ሳይናገር ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ሳብታይትሉ የ1982ቱ ትረካ ነው፤ ይጣሉትና የእትሙን ያግኙ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር መኖሩ ጉድለት አይደለም። የፊልሙ ስፋት 2.39 ለ1፣ የቴሌቪዥኑ 1.78 ለ1 ነው። «ዙም» አድርገው ስክሪኑን ከሞሉት ከምስሉ ሩቡ ይቆረጣል፤ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ይጠፋል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ቅንብር ያጥፉ፣ ካልሆነ ፊልሙ ተከታታይ ድራማ ይመስላል። ንግግሩ አንሶ ሙዚቃው ከጮኸ፣ ባለ ሁለት ስፒከር ቴሌቪዥን ለስድስት ስፒከር የተሠራ ድምፅ እያጫወተ ይሆናል፤ ከድምፅ ምርጫው «ስቴሪዮ»ን ይውሰዱ። መብራት ማጥፋትና መጋረጃ መዝጋት ደግሞ አዲስ ቴሌቪዥን ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ፦ ፋይናል ከት፣ ከእንግሊዝኛ ሳብታይትል ጋር። የጋፍን ንግግር ባይረዱት አይጨነቁ፤ ዴከርድም የተረዳው አይመስልም።

ዳይሬክተርስ ከት በእጁ ያለው፦ ያንኑ ይይ። ታሪኩ አንድ ነው፤ የሚቀረው የሽቦና የዊግ ጉዳይ ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም። ለ4ኬ ዲስክ መክፈል የሚያዋጣው ኤችዲአር (ጨለማውንም ብርሃኑንም በስፋት የሚለይ ምስል) በትክክል የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን ላለው ብቻ ነው፤ በ32 ኢንች ላይ ተራው ብሉሬይ ይበቃል።

ከቤተሰብ ጋር ለማየት የሚያስብ፦ የትኛውም እትም ለልጆች አይሆንም። በአሜሪካ አር (ከ17 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የማይገባበት) ተብሎ የተመደበ ነው። የአሜሪካው እትም ደሙ ቢያንስም፣ ራቁት የሚታይበት ትዕይንትና ዴከርድ በሩን ዘግቶ ሬቸልን በግድ የሚስምበት በሁሉም አሉ። ይህ የመጨረሻው ዛሬ ሲታይ ከዓይኑ ደም ይልቅ ይከብዳል።

የ2017ቱን ተከታይ፣ ብሌድ ረነር 2049ን፣ ለማየት የሚዘጋጅ፦ የዴኒ ቪልነቭ ፊልም 163 ደቂቃ ነው፣ እሱም የሚያጠነጥነው አንድ ትዝታ የማን እንደሆነ በማጣራት ላይ ነው። የዴከርድን ማንነት ሆን ብሎ ሳይፈታ ስለሚተወው ከየትኛውም እትም መነሣት ይቻላል። ተከታዩን አስቀድሞ ማየት ግን አይመከርም፤ የሬቸልን ታሪክ ይነግርብዎታል።

እንግሊዝኛው ከነጭራሹ የሚያደክመው፦ የዓለም ጥፋቱም ትዝታውም በአማርኛ የሚነገርበት አንድ ፊልም አለ፤ የ2015ቱ ክራምብስ፣ 68 ደቂቃ። ሚጌል ሊያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው፣ ዳንኤል ታደሰ የሚተውንበት ነው። ከጥፋቱ በኋላ የቀሩት ሰዎች የ20ኛው ክፍለ ዘመን ርካሽ ዕቃዎችን እንደ ቅርስ ይይዛሉ፤ ዕቃው አለ፣ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። የብሌድ ረነር ምትክ አይደለም፣ በጀቱም አቀራረቡም ሌላ ነው፤ ጥያቄው ግን ጎረቤት ነው።

ለፊልም ክበብ የሚያሳይ፦ ፋይናል ከትን ሙሉውን፣ ቀጥሎ የ1982ቱን የመጨረሻ 10 ደቂቃ። ሁለቱን ፋይሎች አስቀድመው ከፍተው ሁለተኛውን ሮይ ከሚሞትበት ትንሽ ቀደም ብሎ ያቁሙት፣ ድምፃቸውንም ያስተካክሉ፤ የድሮው ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ተሰብሳቢው ስለ ዴከርድ ያለውን አስተያየት ሁለተኛው ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ጽፎ ቢያስቀምጥ ይሻላል፤ ተራራው ከታየ በኋላ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያሰበውን አያስታውስም።